ዐሥራ አራተኛው ቁጥር

እንቅልፍ እንደማይመጣለት አውቆታል፤ ቢሆንም ዐይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፣ ሌሊት የሠራ ሰው ቀን መተኛት አለበትና። መጋረጃው ዝግ ነው፤ የቴክሳሷ የሌዊስቪል ፀሐይ ግን መጋረጃ አታከብርም፣ በጠርዙ ሾልካ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር አስምራለች፣ መስመሯም ከቁም ሳጥኑ ተነሥታ ወደ በሩ እየሄደች ነው፣ በሩ ጋ ስትደርስ ቀትር ይሆናል፣ እዚህ ቀትር ሲሆን አገር ቤት ሐይቅ ከተማ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ እትዬ እማዋይሽ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የልጃቸውን ድምፅ ይጠብቃሉ። ታዲዮስን አገናኘኝ ብለዋል። ቀጠሮ ሰጥተዋል፣ ቅዳሜ ማታ በሁለት ሰዓት፣ ማለትም ዛሬ። አንዷለም ታዲዮስን ከየት ያመጣዋል? ታዲዮስ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው።

መርዶ እንዲህ አይነገርም ይላል ለራሱ፣ ይህን ሲልም ስምንት ዓመቱ ነው። መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው፣ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ የንስሐ አባት ተይዞ፣ እናት በሩን ስትከፍት የሰዉን ብዛት አይታ ማንም ሳይነግራት እንድታውቀው ነው፣ ስትወድቅም የሚይዛት እጅ እንዳይጠፋ ነው። ከጣልያን አገር፣ በሰው ስልክ፣ ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶለት፣ ከኋላው ሃያ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ልጅዎ ሞቷል ይባላል? አይባልም። ስለዚህ የዚያን ቀን እትዬ እማዋይሽ ደረሳችሁ ወይ ሲሉት ደርሰናል አላቸው። አንዲት ቃል ነች። እሱስ አሉ፤ ዝም አለ። ዝም ሲል እሳቸው ራሳቸው ሰበቡን አመጡለት፣ ግዝቴን ይዞብኝ ነው አይደል አሉና አለቀሱ። ታዲዮስ ሲወጣ በር ላይ ቆመው ገዝተውታል፤ ከሄድክ ድምፅህን እንዳታሰማኝ ብለውታል፣ እናት ስትናደድ የምትለው ነው እንጂ ከልባቸው አልነበረም። አንዷለምም አዎ አለ። ግዝቱን ይዞ ነው እትዬ፣ ልጅዎን ያውቁታል፣ ግትር ነው፣ ግን እኔ እየደወልኩ ደኅንነቱን እነግርዎታለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይህን ያለው ሰው ዋሽቶ የማያውቅ መሆን አለበት። የአንዷለም ውሸት እያደር ከበደ፣ በየወሩ ይርበዋል፣ ምን በላ፣ ምን ሠራ፣ የት ያድራል፣ ምን ያያል እያሉ ሲጠይቁት አንድ ነገር ማጉረስ አለበት።

ያን ጊዜ ነው ካርታው የደረሰለት። ከተማዋ ካላቬርና ትባላለች፣ ሁለት ዓመት ኖሮባታል፣ ከገደል ወደ ባሕር የወረደች፣ ቤቷ ሁሉ ጎን ለጎን የተጠጋጋ፣ ዓሣና ሎሚ የምትሸት። ብርቱካንማ ሰደርያ አልብሰው አደባባይዋን ያስጠርጉት ነበር፣ ለሚበላው ፓስታ ምስጋና መሆኑ ነው። የጎብኚዎች ቢሮ በር ላይ የምትቀመጥ መነጽራም ሴትዮ አንድ ቀን ካርታ ሰጠችው፤ ታጥፎ ኪስ ይገባል፣ ከአንድ እስከ ዐሥራ አራት ቁጥር በቀይ ክብ ተጽፎበታል፣ ከጀርባው የየቁጥሩ ታሪክ አለ፣ ማን ሠራው፣ ማን ተወለደበት፣ ማን ሞተበት። ሴትዮዋ ሥራ ሲቀዘቅዝ እያስነበበች ጣልያንኛ አስተማረችው፤ እሱም የተማረውን ይዞ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ካርታ አለኝ እትዬ፣ ዐሥራ አራት ቦታ አለበት፣ ልጅዎ የሚኖርበትን ከተማ አንድ በአንድ አሳይዎታለሁ አላቸው። ዐሥራ አራት ባይል ምን ነበረበት? መጥረጊያውንም ለታዲዮስ ሰጠው፣ ሰደርያውንም፣ የሚያድርበትን አልጋም፤ አደባባይ የሚጠርገው ታዲዮስ ነው፣ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ አለ። ሁለት ዓመቱን እንዳለ ለሞተ ሰው አወረሰ።

አንድ ቁጥር ግንቡ ነው፣ የባሕር ወንበዴ ሲመጣ ከላዩ እሳት ያነድዱበት የነበረ፣ እሳቱን ያየ ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ተራራ የሚሸሽበት። ሁለት ቁጥር ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በነሐሴ የቅዱሱን ምስል በጀልባ ጭነው ባሕሩ ላይ ያዞሩታል ሲላቸው እትዬ እማዋይሽ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፣ እንደ ጥምቀት መሆኑ ነው አሉ፣ እንግዲያስ ሰዎቹ እግዜርን ያውቃሉ። ባሕሩስ ከሐይቃችን ይበልጣል? ይበልጣል እትዬ። ማዶው ይታያል? አይታይም። እግዚኦ አሉና ልጃቸው ውኃው ውስጥ እንዳይገባ ንገርልኝ ብለው አደራ ሰጡት፣ እሱም እነግረዋለሁ አለ፣ ዐይኑን በጨው ታጥቦ። አምስት ቁጥር ኮከብ ሲቆጥሩ የኖሩ የአንድ ቄስ ቤት ነው። ፀሐይዋን ሲያዩ ሲያዩ ዐይናቸው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ እህታቸው በየማታው ሰማዩን እያየች ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ያጽፋሉ፣ መጽሐፉ እስከ ዛሬ መስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። ኋላ ሲመረመር ግን እህትየው የሰለቻት ቀን ደጅ ሳትወጣ የመጣላትን ትነግራቸው ኖሯል፣ መነጽራሟ ሴትዮ ይህን ስታወራ በሣቅ ትንፈቀፈቃለች። እትዬ እማዋይሽ አልሣቁም። ዐይነ ስውሩን ሰውዬ? አሉ፣ እሱኮ አምኗት ነው። አንዷለም የዚያን ዕለት ስልኩን ቶሎ ዘጋ። ስምንት ቁጥር የዘፋኟ ቤት ነው፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆና በንጉሥ ፊት የዘፈነች፣ ባሕር ማዶ ስትሞት አስከሬኗን በመርከብ ያመጡላት። የት ቀበሯት ሲሉት እዚሁ ነው አለና ወደ ግንቡ መለሳቸው፣ ግንቡ ላይ አዲስ ደወል ተሰቅሏል እያለ።

ዐሥራ አንድ ቁጥር ኮሎኔሉ ነው፣ እስከ ደረቱ በነሐስ የተቀረጸ፣ ጢሙ የተጠመዘዘ፣ ሥሩ ላይ በአፍሪካ መንገድ የሠራ የከተማችን ልጅ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ከጽሑፉም በታች የቦታ ስም ተደርድሯል፣ ሦስተኛው ደሴ ይላል። ደሴ። መጀመሪያ ሲያነበው መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ፣ የገዛ አገሩን ስም በባዕድ ፊደል፣ በሌላ ሰው እግር ሥር። ይህንንም ለእትዬ እማዋይሽ ነገራቸው። የደሴን መንገድ የሠራው አባቴ ነው አሉ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በጅራፍ እየተገረፈ፣ ትከሻው ከነጠባሳው ነው የተቀበረው፣ ለሱ የት ነው ሐውልት ያቆሙለት? ልጄስ የዚያን ሰው ሥር ነው የሚጠርገው? ሲጠርግ ይትፋበት በልልኝ። በማግስቱ አንዷለም ግራ ቀኙን አይቶ ተፋበት። በታዲዮስ ስም ነው የተፋው፣ ለታዲዮስ ያደረገለት ነገር ቢኖር ይኸው ምራቅ ብቻ ነው። ከዚያ ዲቪ ደረሰው፣ ወደ ቴክሳስ መጣ፣ ታዲዮስን እዚያው አደባባዩ ላይ ከነመጥረጊያው ትቶት። ሲተወው ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የተወው ወደቡ ላይ ነው። ታዲዮስ ሊቢያ ታሞ ነበር፤ ደላላው ይህ አይደርስም ሲል ይደርሳል፣ እኔ አለሁለት ያለው አንዷለም ነው። በሦስተኛው ቀን ጧት ጀልባው ላይ ራሱን አንዷለም ጭን ላይ አድርጎ ውኃ ብሎ ጠየቀ፣ ውኃ የለም፣ ከዚያ በኋላ ምንም አላለም፣ የነፍስ አድን መርከቡ የደረሰው ፀሐይ ዐናት ላይ ስትወጣ ነው። ካላቬርና ወደብ ላይ በሕይወት ያለውን በአንድ በኩል፣ የሞተውን በሌላ በኩል አደረጉ። ሰባት ናቸው። ፖሊሱ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚዋ ሸራውን እየገለጠች ጥርት ባለ አማርኛ ይህን ሰው የሚያውቀው አለ? ትላለች። አንዷለም ቆሟል። ከሱ በፊት አንድ ልጅ የወንድሙን አስከሬን አይቶ አውቀዋለሁ ስላለ ወደ ጎን ወስደው ጀልባውን ማን ነዳ፣ ገንዘቡን ማን ተቀበለ እያሉ ያፋጥጡታል፣ አንዷለም ያንን እያየ ጫማው ላይ አቀረቀረ፣ ጫማም የለውም፣ እግሩን ነው የሚያየው። ይህን ሰው የሚያውቀው አለ? ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀችው፣ አልቸኮለችም። ከዚያ ሸራው ተሸፈነ። ዐሥራ አራት ቁጥር የከተማዋ መካነ መቃብር ነው። ፊት ለፊት የዘፋኟ የእብነ በረድ መቃብር አለ፣ ሰው አበባ ያስቀምጥላታል፤ ታዲዮስ ከኋላ አጥሩ ሥር ነው፣ ስም የለውም፣ ስድስት የሚል ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አንዷለም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ አየው።

መስመሯ ከአልጋው ግርጌ አልፋለች። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ እማዋይሽ ራሳቸው ደወሉ፣ እሳቸው ደውለው አያውቁም። ሽማግሌ ሰብስቤ፣ የንስሐ አባቴን አስቀምጬ ግዝቱን አስፈትቻለሁ አሉ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄን በምላሴ ያሰርኩት እኔ ነኝ ብዬ ሰው ፊት ተንበርክኬአለሁ፣ ከእንግዲህ የሚይዘው ነገር የለም፣ አገናኘኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በገዛ ምላሳቸው ሲፈርዱ ኖረዋል፤ አንዷለም ይህን አላወቅሁም ሊል አይችልም፣ እያወቀ ነው የተደበቀበት። እሑድ ጋርላንድ ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱን ነጥሎ ለአንድ ጓደኛዬ ፍትሐት ይደረግልኝ አላቸው። ከጎረቤት ከተማ ከሳክሲ የሚመጡ አዛውንት ናቸው፣ አይቸኩሉም። መቼ ዐረፈ አሉት። ስምንት ዓመቱ ነው ሲል ቀና ብለው አዩት። የክርስትና ስሙስ? አያውቀውም። አብሮት ያደገ፣ ከአንድ ሳሕን የበላ፣ ጭኑ ላይ የሞተ ሰው ነው፣ የክርስትና ስሙን ግን አያውቀውም፤ ያን ስም እናት ናት የምታውቀው።

«ልጄ፣ ያለ ስሙ ማን ብዬ ልጥራው?» አሉ ቄሱ። «እናቱን ጠይቅና ና።»

ሰኞ ከሚሠራበት መጋዘን ስልክ ላይ የሐዘን ፈቃድ ሊሞላ ሞከረ። ሟቹ ምንህ ነው ይላል ፎርሙ፣ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ሌላ የለም። ወንድም የሚለውን ነካ። የሞተበት ቀን ሲለው ግን የቀን መቁጠሪያው ከአንድ ዓመት ወደ ኋላ አልሄድም አለው፣ ፎርሙም እንደ ሰው አፈረበት መሰለውና ዘጋው። ሐሙስ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን አደረገ። ገመቹ የቤት ተጋሪው ነው፣ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ ሲመሽ የተሳፋሪውን ሁሉ ድምፅ እያስመሰለ ያስቀዋል። አንድ ሰው ሆነህ ሁለት ዐረፍተ ነገር ታወራልኛለህ ወይ አለው አንዷለም፣ እናቱን ድምፁ ናፍቋት ነው።

«ሶ፣ ምን ልበል?»

«እማዬ ደኅና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ በል። ከዚያ አትለፍ።»

«ሰውየው ራሱ ለምን ኮል አያደርግላትም?»

«አይመቸውም።»

«ኦኬ። ቅዳሜ ከፕሌኖ አንድ ራይድ ድሮፕ አድርጌ ቀትር ላይ ከች እላለሁ» አለና እዚያው ወጥ ቤቱ ውስጥ ይለማመደው ጀመር፣ እማዬ ደኅና ነኝ፣ እማዬ ደኅና ነኝ፣ አንዴ በወፍራም፣ አንዴ በቀጭን። ታዲዮስን አይመስልም ነበር፤ ታዲዮስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ግን አንዷለምም ረስቶታል፣ ይህንን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እትዬ እማዋይሽም ረስተውት ይሆናል። ያምናሉ። ሌላ ስምንት ዓመት ያምናሉ፣ ስለታቸውን ያስገባሉ፣ ለሞተ ሰው የመንገደኛ ጸሎት ያስጸልያሉ፣ ታዲዮስም አጥሩ ሥር ያለ ፍትሐት ይቀመጣል፣ አንዷለም ግን ይተርፋል፣ እንደ ወደቡ ቀን።

መስመሯ በሩን ነካች። ተነሥቶ ከመሳቢያው ካርታውን አወጣ፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፣ ዐሥራ አራት ቁጥር የቀዳዳው ጫፍ ላይ ናት። ገመቹ ገና አልመጣም። ሊጠብቀው ይገባ ነበር፣ ነገሩ የታሰበው እንደዚያ ነው፤ እሱ ግን ደወለ። ደፍሮ አልነበረም፣ ድፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ስለደከመው ብቻ ነው። ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሣ።

«ታዲዬ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። አንዷለም።»

«ቀሚሴን ቀይሬ ነው የምጠብቃችሁ፣ እሱ እንደሚያየኝ ሁሉ። መስመሩ ላይ ነው?»

አሁን ይመጣል ሊል ነበር። አፉ ላይ ተሰናድቶ የነበረው እሱ ነው።

«እትዬ፣ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

 ከወዲያ ሩቅ ውሻ ጮኸ፣ አንድ ሰው በደጅ ፍየል እየነዳ አለፈ፣ እትዬ እማዋይሽ ሲተነፍሱ ይሰማዋል፣ አንዷለም ዘጉብኝ እንዳይል አልዘጉም፣ ይናገራሉ እንዳይል አይናገሩም።

«ወልደ ሰንበት» አሉ በመጨረሻ። «የፈለግኸው ለጠበል ነው ወይስ ለፍትሐት?»

አንዷለም ካርታው ላይ ያለችውን ዐሥራ አራት ቁጥር በጣቱ ሸፈናት።

«ካርታው ላይ ዐሥራ አራት ቦታ አለ ብለኸኝ ነበር። ዐሥራ ሦስቱን ነግረኸኛል፣ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የያዝኩት። ዐሥራ አራተኛውን በጠየቅሁህ ቁጥር ወደ ግንቡ ትመልሰኛለህ። አንዷለም፣ ዐሥራ አራተኛው ምንድን ነው?»

«መካነ መቃብሩ ነው።»

«ልጄ እዚያ ነው?»

«እዚያ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከደረስንበት ቀን ጀምሮ።»

ከዚያ ነገራቸው። እንደ ሌላው ቁጥር አላስጌጠውም፤ በሩ የብረት ነው አለ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ዘፋኟ ናት፣ እሷን አልፎ ወደ ግራ ሲታጠፉ አጥሩ ሥር ሰባት መቃብር አለ፣ ስድስተኛው ነው፣ ስም የለውም። ለምን የለውም አሉት። ወደቡን ነገራቸው፣ ሸራውን፣ አስተርጓሚዋን፣ ሁለት ጊዜ መጠየቋን፣ ውኃ ማለቱንም ነገራቸው፣ ይደርሳል ብሎ ያሳፈረው እሱ መሆኑንም። ገመቹ ሊናገር የነበረውን ብቻ አልነገራቸውም፤ ያችን ለራሱ አስቀራት።

«ስሙን ብትነግራቸው ምን ያደርጉህ ነበር?»

«አላውቅም። ፈራሁ።»

«በግዝቴ ነው እያልኩ ሳለቅስ ግን ትሰማኝ ነበር።»

«እሰማዎት ነበር።»

«ስምንት ዓመት።»

«እትዬ፣ አፈር ስሆን ይቅር—»

«ተው። እሱን አሁን አትጠይቀኝ፣ አሁን የለኝም» አሉ። ሲነሡ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማው። «ስልኩን እንዳትዘጋው። ስምንት ዓመት አንተ ስታወራ እኔ ሰማሁ። አሁን አንተ ትሰማለህ።»

ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስቀመጡት። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የሰማው ጩኸት የሰው አልመሰለውም፣ ከዚያ ግን ስም ሆነ፣ ታዲዬ፣ ታዲዬ፣ ስሙ ከደጅ ወደ መንገድ ወጣ፣ የጎረቤት በር ተከፈተ፣ ሌላም በር፣ እግር ሮጠ፣ አንዲት ሴት ምን ሆነው ነው ትላለች፣ ሌላዋ ደግሞ ሳይነግሯት ገብቷት ጮኸች። ሽማግሌ አልቀደመም፣ የንስሐ አባት አልተያዘም፤ ሲወድቁ የያዛቸው እጅ መኖሩን ለመስማት ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጠፈ፣ ሊለየው ግን አልቻለም። ከውጭ የሌዊስቪል ሰው ሣሩን በማሽን እያጨደ ነው። አንዷለም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ካርታው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ማልቀስ ፈልጎ እንባው አልመጣለትም፣ ይህም ተገቢው ነው ብሎ ያስባል።

ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። ገመቹ እየሣቀ ገባ፣ በሩን በእግሩ እየዘጋ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እማዬ ደኅና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ አለ፣ በወፍራሙ ድምፅ። ከዚያ ከስልኩ የሚወጣውን ሰማና ባለበት ቀረ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ሰው ሞቶ ነው እንዴ?» አለ ዝግ ብሎ፣ በራሱ ድምፅ። «አንዷለም፣ የምታውቀው ሰው ነው?»

አንዷለም እግሩ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ቀና አለ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ታዲዮስ ይባላል፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። የሐይቅ ልጅ ነው። አብረን ነው የመጣነው።»